ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ምስጢር መጠበቅ

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከማዘቅዘቁ በፊት መካነ ሰላምን ያገኛል። በወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ። ሆስፒታል አላት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላት፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስም አለባት። በዚህ አገር ሰው ብቻውን አይተውም። ሲሞትበት ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ይደርስለታል፤ ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል፤ ሆድ ሲብሰው የነፍስ አባቱ ወይም ሼሁ አሉለት፤ ቡናው፣ ዱአው፣ ወዳጃ የሚባለው የጋራ ጸሎት አለ። እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ የሚባል ባለሙያ ምን ሊጨምር ይችላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱን ለማግኘት ሽማግሌ የሚሠራውን ሥራ በደንብ ማየት ይጠቅማል። በወሎ አበጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም የሚያደርቁት በአደባባይ ነው። ገዳይና የሟች ወገን ሕዝብ ፊት ይቆማሉ፣ ካሳው በሰው ፊት ይነገራል፣ እርቁ የሚጸናውም ሁሉም ስለሰማውና ሁሉም ስለሚታዘበው ነው። ለቂም በቀል ከዚህ የተሻለ መድኃኒት ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ባሏ የሚደበድባት ሴት፣ ከግንባር ተመልሶ ሌሊት እንቅልፍ የራቀው ወጣት፣ ወልዳ ልጇን ማየት ያስጠላት እናት መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ታዛቢ አይደለም። ገበናቸውን ሳያወጡ የሚናገሩበት፣ የሚሰማቸውም ሰው በጉዳዩ ጥቅምም ወገንም የሌለው የሆነበት ቦታ ነው። ሽማግሌው የባልየው አጎት ሊሆን ይችላል። አማካሪው መሆን የለበትም።

ባለሙያዎቹን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋልና። የአእምሮ ሐኪም ሐኪም ነው፤ በሽታውን ይለያል፣ መድኃኒት ያዛል። አገራችን እነዚህን ሐኪሞች በራሷ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ለብዙ ዘመን ልዩ የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል የሚታወቀው አማኑኤል ብቻ ነበር። በወረዳ ደረጃ ሰው ይበልጥ የሚያገኘው የአእምሮ ጤና ነርስ ወይም ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ጤና መኮንን ነው። የምክር አገልግሎት ባለሙያው ግን መድኃኒት አያዝም። ሥራው ንግግር ነው፤ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ዓላማ የሚደረግ ንግግር።

ይህ ንግግር ከተራ ጨዋታ የሚለይበትን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ አስፍሮታል፤ እስካሁን ሙያው ከዚያ ብዙም አልራቀም። ሰው እንዲለወጥ አማካሪው ሦስት ነገር ይዞ መገኘት አለበት ይላል ሮጀርስ። አንደኛው የባለጉዳዩን ዓለም በባለጉዳዩ ዓይን ለማየት መጣር ነው። ከንፈር መምጠጥና ማዘን ብቻውን ይህን አይተካም፤ ያዘነ ሰው ገና ሳይሰማ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ ሊዘጋ ይችላልና። ሁለተኛው ሰውየው ያደረገውን ሁሉ ባይወዱለትም እንኳ ሰውነቱን ሳያዋርዱ መቀበል ነው። ሦስተኛው አማካሪው ራሱ እውነተኛ መሆኑ፣ የባለሙያነት ጭምብል ለብሶ አለመቀመጡ ነው። ቀላል ይመስላሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጡ፣ ሳይመክሩ፣ ሳይገሥጹ ሰውን ለመስማት የሞከረ ግን ከባድነቱን ያውቀዋል። በተለይ እኛ፣ ታላቅ ታናሹን መምከር ግዴታው ነው ተብለን ያደግን ሰዎች፣ ዝም ብሎ መስማት ግዴታን እንደ መሸሽ ሊሰማን ይችላል።

በምሳሌ ላስረዳ። ልጅቷ የምናብ ናት፤ ሁኔታዋ ግን በአካባቢው እንግዳ አይደለም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ 17 ዓመቷ ነው። ቤተሰቧ ገጠር ነው፤ እሷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ስንቋ ከቤት ይመጣላታል። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን አማካሪ መምህርት በር ታንኳኳለች።

«ቲቸር፣ አባየ ሊድረኝ ነው። ምን ልበለው?»

ጥያቄው መልስ ይጠብቃል፤ ደግ መምህርት ሁሉ ወዲያው ልትሰጠው የምትፈልገው መልስም አለ፦ «እንቢ በይ!» አማካሪዋ ግን እዚያ ላይ አትቸኩልም። በሩን ትዘጋለች፣ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ ከልጅቷ ጎን ታደርጋለች።

«እስኪ ተቀመጪ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከዚያ ለመናገርም ላለመናገርም መብቱ ያንቺ ነው። እዚህ የምትነግሪኝን ለጓደኞችሽም፣ ለመምህራንም፣ ለአባትሽም አልናገርም። ግን ሕይወትሽ አደጋ ላይ እንደሆነ ካየሁ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘኝ ዝም ማለት አልችልም። ዕድሜሽም ገና ስለሆነ ጋብቻው ሕግ የሚመለከተው ነገር ነው። ለማን እንደምነግር ግን አስቀድሜ ላንቺ እነግርሻለሁ፤ ከጀርባሽ የማደርገው ነገር የለም።»

ልጅቷ ትንሽ ዝም ትላለች። «እሽ» ትላለች ቀስ ብላ።

«ይህን ነገር ለሰው ነግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ለማንም።»

«አባትሽን ስታስቢው ምን ይመጣብሻል?»

እዚህ ላይ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ አባቷ ክፉ ሰው ስላልሆነ። ሊድራት ያሰበው ከተማ ብቻዋን ስትኖር ስለፈራላት ነው፣ ዘንድሮ ስንቋን መላክም ስለከበደው ነው። አማካሪዋ «እንቢ በይ» ብላ ብታሰናብታት ኖሮ ይህ አይወጣም ነበር። መውጫው ያለው ግን እዚሁ ውስጥ ነው። ልጅቷ አባቷ የሚሰማት አንዲት አክስት እንዳለቻት ታስታውሳለች። ጓደኞቿ ስንቅ በጋራ ማብሰል መጀመር እንደሚችሉ ታስባለች። መጻሕፍቱ የግለሰብ ምርጫ የሚሉት ነገር በወሎ ገጠር ከቤተሰብ ተነጥሎ አይታይም፤ ጥሩ አማካሪ ልጅቷን ከቤተሰቧ ቆርጦ ለማውጣት አይሮጥም። በሌላ በኩል ልጅቷ 18 ዓመት አልሞላትም፤ ከዚያ በታች መዳር በአገራችን ሕግ ወንጀል ነው። አክስቲቱ ካልተሳካላትና ቀኑ ከቀረበ አማካሪዋ ጉዳዩን ለሚመለከተው የሕፃናት ጥበቃ አካል ማሳወቅ አለባት፤ ያንንም ልጅቷ እያወቀች ታደርገዋለች።

አማካሪዋ ከሁሉ በፊት የተናገረቻት ያቺ አጭር ንግግር የሙያው ሥነ ምግባር ሁሉ የተጠመጠመባት ናት። በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ማለት ወረቀት ማስፈረም ብቻ አይደለም፤ ባለጉዳዩ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚናገረው ነገር የት ድረስ እንደሚጠበቅለትና የት ላይ ጥበቃው እንደሚያበቃ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ከተናገረ በኋላ «ይህንንስ ማሳወቅ አለብኝ» ማለት ወጥመድ ነው።

ጥበቃው የአማካሪው የግል ደግነት ብቻ እንዳልሆነም ሕዝቡ ሊያውቅ ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ በሙያቸው ምክንያት የሰው ምስጢር የሚያውቁ ሰዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ጠበቆች፣ ሐኪሞች፣ ነርሶችና መሰሎቻቸው፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ምስጢሩን ቢያወጡ እንደሚቀጡ ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የአእምሮ ጤናን ጨምሮ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መረጃዎች ጎራ መድቦታል። ሕዝቡ ለሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ለነፍስ አባት የተነገረ ኑዛዜ እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል። አዲሱ ነገር ያው ግዴታ ቀሚስ ያልለበሰውን፣ መስቀል ያልያዘውንም ባለሙያ እንደሚያስር መረዳት ነው።

መካነ ሰላምን የመሰለችን ከተማ ልዩ የሚያደርጋት ይህ ግዴታ በተግባር ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለጉዳይ ከቢሮው ወጥቶ ሕዝብ ውስጥ ይጠፋል። እዚህ አማካሪውና ባለጉዳዩ አንድ ቅሬ ውስጥ ሊሆኑ፣ ልጆቻቸው አንድ ክፍል ሊማሩ፣ እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ አንድ መስጊድ ሊገናኙ ይችላሉ። የውጭዎቹ መማሪያ መጻሕፍት ባለጉዳይን መንገድ ላይ ስታገኝ እሱ ካልቀደመህ ሰላም አትበለው ይላሉ፤ ማንም ግንኙነታችሁን እንዳይገምት። ይህን ምክር ወሎ ላይ እንዳለ ብንተገብረው ተቃራኒውን ያመጣል። የሚያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ እዚህ ራሱ ወሬ ነው፤ «ተጣሉ እንዴ?» ያሰኛል። ስለዚህ አማካሪው ከመጀመሪያው ቀን ከባለጉዳዩ ጋር ይስማማል፦ ከውጭ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ እንጠያየቃለን፣ ስለዚህ ክፍል አንድም ቃል አናነሣም።

ምስጢር በአፍ ብቻ አይወጣም። ካርድ ክፍል ተራ ሲጠራ ስምና የሚገባበት ክፍል አብሮ በጩኸት ይጠራል። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና» ተብሎ በትልቁ የተጻፈ ክፍል ውስጥ የገባን ሰው ኮሪደሩ ሙሉ ያየዋል። ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ሲሆን የውስጡ ለቅሶ ውጭ ይሰማል። ስልክ ተደውሎ የሚያነሣው ባል ሊሆን ይችላል፤ «ከምክር ክፍል ነው የምደውለው» ማለት ሴትዮዋን ለዱላ መዳረግ ነው። ማስታወሻ የሚጻፍበት ደብተር ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፣ የመሳቢያው ቁልፍ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ነው። በእኔ እምነት በወረዳ ደረጃ ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚባክነው በክፋት ሳይሆን እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው፤ መስተካከላቸውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በስም ፋንታ ቁጥር መጥራት፣ ክፍሉን ከሌላ አገልግሎት ጋር በአንድ በር ማድረግ፣ ቁልፉን አንድ ሰው ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል።

ሌላው ፈተና ድርብ ግንኙነት ነው። አማካሪ ከባለጉዳዩ ጋር ሌላ የጥቅም፣ የሥልጣን ወይም የፍቅር ግንኙነት ሊኖረው አይገባም። የፍቅሩና የግብረ ሥጋው ነገር በየትኛውም የሙያ ደንብ ድርድር የለውም፤ ሰው በተሰበረበት ሰዓት የሰጠውን እምነት ለራስ ስሜት ማዋል በደል ነው። ስጦታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከገጠር የመጣች እናት በነጠላዋ ጫፍ እንቁላል ቋጥራ ስታመጣ «ደንቡ አይፈቅድልኝም» ብሎ መመለስ ምስጋናዋን ፊቷ ላይ መመለስ ይሆናል። የአሜሪካ አማካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ደንብ እንኳ አማካሪው ከመቀበሉ ወይም ከመመለሱ በፊት የስጦታውን ዋጋ፣ የሰጪውን ፍላጎትና በባህሉ ያለውን ትርጉም እንዲያመዛዝን ነው የሚያዘው። እንቁላሉ በምስጋና መቀበል የሚቻል ነው፤ በግ ግን አይደለም።

በትምህርት ቤት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ድርብ ግንኙነት ሥልጣን ነው። አማካሪ መምህሩን የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ማድረግ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነገር ነው። ሰኞ በር ዘግቶ «ምን ሆነሃል?» ያለው ሰው ማክሰኞ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ይቀጣ» ካለ፣ ረቡዕ በሩን የሚያንኳኳ ተማሪ አይገኝም።

ከአቅም በላይ የሆነን ነገር ማወቅም ሥነ ምግባር ነው። ድምፅ የሚሰማው፣ ለሳምንታት ያልተኛ፣ የሌለ ነገር የሚያይ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ አማካሪው ወደ ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ ደሴ ይልከዋል። መላክ ደግሞ ማባረር መሆን የለበትም፤ ለማን እንደሚልከው ነግሮ፣ አስፈቅዶ፣ ሲመለስም ተቀብሎ ነው። ባለጉዳዩ ጸበል መጠመቅ ወይም ወዳጃ መግባት ከፈለገ አማካሪው ከእምነቱ ጋር አይጣላም። ይልቅ «ጸበሉ ላይ እያለህ ክኒኑን ትወስዳለህ ወይስ አቁም ተብለሃል?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ባስረዱ ጊዜ ስንት ሰው ከከባድ ምርጫ እንደገላገሉ መገመት አያዳግትም። ለአእምሮ ሕመምም ያው መንገድ ክፍት ነው።

አንድ ፍርሃት ግን መነሣት አለበት። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ባለሙያም ጭምር፣ የተጨነቀን ሰው «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብሎ ይፈራል። ጥናቱ የሚያሳየው እንዲህ አይደለም። በግልጽና በእርጋታ መጠየቅ ሰውየውን ያቀልለዋል፤ ብቻውን የያዘውን ነገር የሚያወራበት ሰው አገኘ ማለት ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አይተውም፤ እሱ የሚያምነው የቤተሰብ ሰው ይጠራል፣ ቤት ውስጥ ያለ የሰብልና የነቀዝ መድኃኒት ከእጁ ይርቃል፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ራስን በማጥፋት ከሚደርሱ ሞቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ በፀረ ተባይ ኬሚካል እንደሚደርሱ ይናገራል፤ የገጠር ቤት ጓዳ ለዚህ ቅርብ ነው። ምስጢር ሕይወትን ለመጠበቅ የቆመ ነገር ስለሆነ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ እዚያ ያበቃል።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወሎን ሲያዳርስ፣ ደሴና ኮምቦልቻም ሲያዙ፣ ከዚያ በኋላም ክልሉ ከግጭት ሳይወጣ ሲቀር፣ ስለ «ሥነ ልቦና ድጋፍ» ብዙ ተወራ። በጎ ሐሳብ የያዙ ሰዎች መጠይቅ ይዘው የተጎዱትን «የደረሰባችሁን ከመጀመሪያው ንገሩን» ሲሉ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ መመሪያ የሚለው ሌላ ነው፦ ሁኔታውን እይ፣ ለመስማት ተዘጋጅ፣ ከሚያስፈልገው ነገር ጋር አገናኝ፤ ሰው ያልፈለገውን እንዲተርክ አታስገድድ። አንዲት የተደፈረች ሴት ታሪኳን ለአምስት ድርጅት አምስት ጊዜ ከተናገረች አምስት ጊዜ ታማለች። አለመጉዳት ከመርዳት ይቀድማል።

እንዲህ ያለውን ሸክም የሚሸከመው አማካሪ ራሱ ማን አለው? የሙያው ደንብ ሱፐርቪዥን ይለዋል፤ ልምድ ያለው ባለሙያ የአማካሪውን ሥራ አብሮ እያየ ማረም። መካነ ሰላም ላይ ያለ ብቸኛ አማካሪ ይህን የሚያገኘው ምናልባት በስልክ ከደሴ ወይም ከባሕር ዳር ነው። ሲደውል ስም አለመጥራቱ ብቻውን አይበቃም፤ «የእንትን ቀበሌ ባለሱቅ ልጅ» ካለ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሥራን፣ ቀበሌን፣ የልጆችን ቁጥር መለወጥ አለበት።

ባለሙያው ጥቂት ስለሆነ መጠበቅ ብቻ ነው ወይ ለሚል፣ የዚምባብዌ ነገር ይታይ። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ፣ ከቤት ውጭ በተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያነጋግሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት የተጨነቁና የተከፉ ሰዎች ምልክታቸው በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል። እነዚያ አያቶች ግን ደግ ስለሆኑ ብቻ አልተቀመጡም፤ ሠልጥነዋል፣ በየጊዜው ሥራቸው ይታያል፣ ምስጢር መጠበቅን ተምረዋል፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወዴት እንደሚልኩ ያውቃሉ። በየቅሬው የሚከበሩ እናቶች እኛም ዘንድ አሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ ዩኒቨርሲቲውም ደጃፍ ላይ ነው። ሥልጠናው ሲታሰብ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ስለ ጭንቀት ምልክቶች ከመሆኑ በፊት፣ የጎረቤትን ገበና ሰምቶ ቡና ላይ ዝም ስለማለት ቢሆን እመርጣለሁ። ለትምህርት ቤቶች ደግሞ ሥልጠናም በጀትም የማይጠይቅ፣ ርእሰ መምህሩ ነገ ጠዋት ሊፈርመው የሚችል አንድ ደብዳቤ አለ፦ አማካሪውን ከዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚያነሣ።